ላፕቶፑ የሚያውቀው ቤት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ወገብሽ ለቀቅ አደረገሽ? ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ተመዘዙ፤ በየጊዜው ጫማ መግዛት ሆኗል ሥራችን። እኔም ያው ሊፍት እጠግናለሁ። ሰዉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፣ እኔ መሐል ላይ ተንጠልጥዬ እውላለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ልብስ የምትነግደዋ ሴትዮ ናት። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ስለምትመላለስ መልስሽን ለእሷው ስጫት። አብሮ ያለውን ሳጥን ቀስ ብለሽ ክፈቺው። ላፕቶፕ ነው። አዲስ ነው፤ የአማርኛ ፊደሉን ጭኜ ያዘጋጀሁት እኔው ራሴ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ታይፕ ስትደበድቢ ጣትሽ አለቀ። ይህኛው መደብደብ አይወድም፤ ዳሰስ ካደረግሽው ይጽፋል።

ለእማዬ ለዋልሽላት ውለታ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት አጉርሰሽ፣ አጥበሽ፣ አገላብጠሽ ያስታመምሻት አንቺ የእህቷ ልጅ ነሽ። እኔ ልጇ ግን ሥራ ቤቱ ፈቃድ ከልክሎኝ ለቀብሯ እንኳ ሳልደርስ ቀረሁ። ከወጣሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያገሬን አፈር አንድ ቀን ሳልረግጥ እናቴ አመለጠችኝ።

በስልክ ላስረዳሽ ብል «ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ጆሮዬ አይገባም» ትይኛለሽ። ስለዚህ ያልሆነልሽን ሁሉ ጻፊልኝ። አብሮኝ የሚሠራ ኮምፒዩተር የሚገባው ሰው አለ፤ እሱን እየጠየቅሁ እመልስልሻለሁ።

እድሜና ጤና ይስጥሽ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ጭራሮ


ጥቅምት 27

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጭራሮ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ግን እንደ አሮጌ በር ሆኗል፤ ሳይጮህ አይከፈትም።

ላፕቶፑ ደረሰኝ። እጅህ ይባረክ፤ ልጆችህ እንዲሁ ያስቡህ። ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ሳየው ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ብከፍተው ጥቁሩ መስታወት ላይ የገዛ ፊቴን አየሁና «አቤት እርጅና!» ብዬ መልሼ ዘጋሁት። አሁን ግን ተላምደናል። ጎረቤታችን ጋሽ ልብስ ሰፊው «እንዳይቧጨር» ብለው ከጨርቅ ትራፊ ልብስ ሰፉለት። እናትህ ከሞተች ወዲህ ደጁን የሚያንኳኳልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። የምጽፍላቸው ጠበቆች እስካሁን ረቂቃቸውን በወረቀት ነበር የሚልኩልኝ። ከታኅሣሥ አንድ ጀምሮ ግን ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ብቻ ነው ተባለ። ዋናው ጠበቃ «ካልገባች ጸሐፊ ጋር እንሰነባበታለን» ብለውኛል፤ ሳቅ ብለው። የአለቃ ሳቅ ከቁጣው ይከፋል።

የዋይፋይ ሳጥን አለኝ። አምና የጠበቆቹ ጽሕፈት ቤት ከኮምፒዩተር ጋር ያስገባልኝ ነው። ኮምፒዩተሩ ተቃጥሎ ወሰዱት፤ ሳጥኑ ግን እንደ እንግዳ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ቀረ። አራት መብራት አለው፤ አራቱም ይበራሉ። ላፕቶፑ ግን ጭራሽ አያየውም። የዋይፋዩ ምልክት ደብዝዞ ከጎኑ ትንሽ አውሮፕላን ተስላለች። ወደ አንተ ልትወስደኝ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን ምን እንደማደርጋት ንገረኝ። ቶሎ ጻፍልኝ፤ ወሩ እያለቀ ነው።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅህ።

እህትህ


ኅዳር 6

ይድረስ ለውድ እትዬ፤

ሰላምታዬ ይብዛልሽ። ደብዳቤሽን ባለቤቴ አንብባ ስለ አውሮፕላኗ ስትስቅ አመሸች።

ባልደረባዬን ጠየቅሁት። እንዲህ አድርጊ ብሏል። መጀመሪያ ከላይኛው የቁልፍ ረድፍ የአውሮፕላን ሥዕል ያለበትን ፈልገሽ አንድ ጊዜ ተጫኚ። ላፕቶፑ «በረራ ላይ ነኝ» ብሎ ነው ጆሮውን የደፈነው፤ ሲከፈት በዙሪያሽ ያሉት ዋይፋዮች በስም በስማቸው ይደረደራሉ። ከዚያ የራስሽን መርጠሽ ፓስወርዱን ከሳጥኑ ጀርባ እያየሽ አስገቢ። ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል፤ ዜሮና ኦም እንዳይምታቱብሽ። እምቢ ካለ ሳጥኑን ከግድግዳ ንቀይና እስከ ሠላሳ ቆጥረሽ መልሺው። ያም ካልሆነ ላፕቶፑን ይዘሽ ከክፍል ክፍል ዙሪ። ወፍራም ግድግዳ ሲግናል ይበላል፤ የሚይዝበት ቦታ አይጠፋም።

አይዞሽ። አንቺ ሠላሳ ዓመት ስንቱን ክፉ ዳኛ ችለሻል፣ ይህች ምን አላት።

ጋሽ ልብስ ሰፊውን ሰላም በይልኝ። አንቺን ስለሚያዩልኝ ውለታቸው አለብኝ።

ወንድምሽ፣ ጭራሮ


ኅዳር 20

ይድረስ ለወንድሜ ለጭራሮ፤

እንደምን አለህ? ይኸው ተጠንቅቄ ትእዛዝህን አንድ በአንድ ፈጸምኩ፤ የሆነውንም በሆነበት ቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ።

አውሮፕላኗ ወረደች። ቁልፉን ስጫን ስሞቹ ዝርግፍ አሉ። የኔም ሳጥን አለበት። መረጥኩት፣ የይለፍ ቃሉን በመነጽር ላይ አጉሊ መነጽር ደርቤ አስገባሁ። «መገናኘት አልተቻለም» አለኝ። አሥራ አንድ ጊዜ። ነቀልኩት፣ ሠላሳ ቆጠርኩ፣ ወገቤን ስላመመኝ እስከ ሃምሳ ቆጠርኩለት። እምቢ አለ። ሳጥኑ ጉያ ሥር አስቀምጬው እንኳ አሻፈረኝ አለ።

እንግዲህ እንዳልከኝ ይዤው ቤቱን ዞርኩ። ሳሎን የለም። ማድ ቤት የለም። እናትህ ክፍል ገብቼ በልብስ ሰፊው ግድግዳ በኩል ስጠጋ ግን፣ እኔ ምንም ሳልነካ፣ ብልጭ አለና ተገናኘ! ዓይኔን ጠርጌ ባይ የገባው የኔ ሳጥን ላይ አይደለም። «ልክክ ልብስ ስፌት» ይላል። የጎረቤታችን ዋይፋይ! የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም፤ ዘመድ ቤት እንደሄደ ሰው ሳያንኳኳ ገባ።

እየሳቅሁ ሄጄ ነገርኳቸው። ሱሪ እያሳጠሩ በከንፈራቸው ስፒል ይዘው ነበር።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ዋይፋይ ለሌባ የተመቸ ነው። የኔ ላፕቶፕ ሳይጠየቅ ገባ» አልኳቸው።

ስፒሉ ሁሉ ከአፋቸው ረገፈ። «የቱ ላፕቶፕ? ያ... ከውጭ የመጣልሽ?»

«ሌላ ምን አለኝ?»

«የኔ እኮ ይለፍ ቃል አለው» አሉኝ፤ ይህን ብለው ደግሞ ወዲያው እንደመጸጸት አሉና «ማሽን ነው፤ አንዳንዴ ያብዳል» ብለው ስፒል መልቀም ጀመሩ። አንድም ስፒል እንዳግዛቸው አልፈቀዱም።

በማግሥቱ ግድግዳው ጋ ብሞክር «የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል» አለኝ። ሌሊቱን ቀይረውታል ማለት ነው። ሰባት ዓመት ጨው ስንበዳደር የኖርን ሰዎች ነን፤ ምነው ዋይፋይ ላይ ሰሰቱ? ቅር ብሎኛል።

ይልቅ ባልደረባህን ጠይቅልኝ። የማያውቀውን ቤት ላፕቶፑ እንዴት አወቀው? የኔንስ ሳጥን ለምን ጠላው? ለታኅሣሥ አንድ ዐሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው። እባክህ አትቆይ።

እህትህ


ጥር 3

ለእትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የጻፍሽውን ለባልደረባዬ ነገርኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ ቁም ነገር የለውም ብሏል። ላፕቶፑ ከፋብሪካው ብልሽት ሳይኖርበት አይቀርም። ስለዚህ ከእንግዲህ አትነካኪው፤ ዝም ብለሽ ለነጋዴዋ ስጪያት፣ ትመልስልኝ። ከእሱ የሚሻል እልክልሻለሁ። ለጠጋኝ እንዳታሳዪው። ጠጋኝ የሚባል ፍጡር የማያውቀውን ፈትቶ ያበላሻል።

ጋሽ ልብስ ሰፊውንም በዚህ በትንሽ ነገር አታስቀይሚያቸው።

ነጋዴዋ እንደመጣች ስጫት። አደራ።

ጭራሮ


ጥር 21

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አልቸኮልክም፤ እኔ ግን ቀነ ገደብ ነበረብኝ። ኅዳር ሃያ ስድስት ቀን ላፕቶፑን ይዤ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ጠጋኝ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ሳልጽፍልህ የቆየሁት የአንተን መልስ ስጠብቅ ነው። አንድ ቃል እውነት ትጽፍ እንደሆነ ብዬ። «አትነካኪው፣ መልሺልኝ» ብለህ ጻፍክ።

ጠጋኟ አነጋገሯ ፈጠን ያለ፣ እጇ ግን የረጋ ሴት ናት። ሳጥኑንም ይዤላት ሄጄ ነበር። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። «እማማ፣ ሳጥኑ ጤነኛ ነው፤ ላፕቶፑም ጤነኛ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሲያስገባልሽ ከተመዘገበ ኮምፒዩተር በቀር ማንንም አታስገባ ብለው አዘውት ነው» አለችኝ። ላፕቶፑን በሳጥኑ ላይ መዘገበችው፤ ወዲያው ገባ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፌ አላረፈም። ስለ ልብስ ሰፊው ዋይፋይ እንደ ጨዋታ አጫወትኳት።

«አጋጣሚ የሚባል ነገር የለም» አለችኝ። «ላፕቶፕ ሳይጠየቅ የሚገባው ከዚህ ቀደም የይለፍ ቃሉ ተነግሮት የገባበት ቤት ብቻ ነው። ያንን ይለፍ ቃል አንድ ሰው በእጁ ጽፎበታል።»

«አዲስ እኮ ነው» አልኳት።

«እንየዋ» አለችና አንድ ሰሌዳ ከፈተች። ለካ ይህ ዕቃ እንደ ቢሮ ዘበኛ ነው፤ የገባበትን የወጣበትን ሁሉ ከነቀኑ ይጽፋል። እሷ እያነበበች እኔ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ልማድ ነው፤ ሲነበብልኝ እጄ ይጽፋል፣ ልቤ ኋላ ነው የሚደርሰው።

አምና የካቲት ስምንት፣ አውሮፕላን ማረፊያችን። ያኑ ቀን ማታ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ማረፊያ ቤት፤ ከቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ። የካቲት ዐሥር፣ «ልክክ ልብስ ስፌት»። ዐሥራ አንድም እዚያው፣ ዐሥራ ሁለትም እዚያው። የካቲት ዐሥራ ሦስት፣ የውል ምዝገባ ቢሮ። ዐሥራ አራት ከቀትር በኋላ እንደገና «ልክክ»። የካቲት ዐሥራ ስድስት፣ አውሮፕላን ማረፊያ።

እናትህ የሞተችው የካቲት ሃያ ሰባት ነው።

ጠጋኟ ፊቴን አይታ ወንበር ሰጠችኝ። ዋጋዋንም አልተቀበለችኝም።

የምዝገባ ቢሮው መዝገብ ቤት አብሮኝ ያረጀ ሰው አለ፤ አንድ ቀን ደጅ ሳልጠና አሳየኝ። ውሉን አነበብኩት። የእናትህን ቤት በውክልና ሸጠሃል፤ ገዢው ልብስ ሰፊው ነው። ርክክቡ እናትህ ካረፈች በኋላ ይላል። ሴትዮዋ እየተነፈሰች «ካረፈች በኋላ» ብላችሁ ፈረማችሁ። እኔ እንዲህ ያለውን ውል በሺህ የሚቆጠር ጽፌያለሁ። ያንን ውክልናም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናትህ «ልጄ ይጠብቅልኛል» ብላ ጣቷን ስታሳርፍ ቀለሙን ከጣቷ ላይ የጠረግኩላት እኔ ነኝ።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። አንቱታዬን ደጅ ላይ ትቼ ነው የገባሁት።

«የአክስቴ ልጅ እዚህ ቤት ተቀምጧል?»

ሜትሩን በእጁ ጠቅልሎ ፈታ፣ ጠቅልሎ ፈታ። «እኔን ምን ታደርጊኛለሽ? ሻጭ ሸጠ፣ ገዢ ገዛ። አትንገርብኝ ያለኝ እሱ ነው።»

«የት ነበር የሚቀመጠው?»

በአገጩ አሳየኝ። የመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ያለች አንዲት በርጩማ። ግድግዳው ሥር።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። የኔዎቹ የሚሻለውን እንዳልመርጥ ሁለቱ ተስማምተው ጠበቁኝ።

ጭራሮ፣ ቤቱን ተወው። ቤቱ ያንተ ነው፤ ወራሹ አንተ ነህ፣ እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የካቲት ዐሥራ አራት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናትህ ከአልጋዋ ወደቀች። ብቻዬን ላነሣት ሞክሬ አቃተኝ። እየጮህኩ ሄጄ የልብስ ሰፊውን በር ደበደብኩ። ወጣ፤ በሩን ከኋላው ዘጋው። ያኔ «የደንበኛ ልብስ አቧራ እንዳይገባበት ነው» መስሎኝ ነበር። መጥቶ በብብቷ ይዞ አብረን አነሣናት። እሷ ታቃስት ነበር፤ እኔ አለቅስ ነበር።

ያን ሰዓት አንተ ከዚያ በር በስተጀርባ ነበርክ?

የአክስትህ ልጅ


የካቲት 22

እትዬ፤

ነበርኩ።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ፣ ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከወረድኩ በኋላ ለአለቃዬ አሞኛል ብዬ ቤቴ ገባሁ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እሷ ያኔ ለሥልጠና ሌላ ከተማ የሄድኩ ነው የሚመስላት።

አልዋሽሽም። እዚህ ልጆቹ አድገው ቤቱ ጠበበን፤ የተሻለ ቤት ለመያዝ ቸኮልን። ልብስ ሰፊው «ከሸጣችሁ እኔን አስቀድሙኝ» ብሎ በሰው ልኮብኝ ነበር። መጥቼ በሁለት ቀን ጨርሼ፣ ከዚያ እንደ እንግዳ ድንገት ገብቼ ላስደስታችሁ ነበር ያሰብኩት። ላፕቶፑንም ያኔ ነው ለመንገዱ የገዛሁት፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልነካሁትም። አዲስ ነው ያልኩሽ ለዚያ ነው።

የካቲት ዐሥር ልብስ ሰፊው ቤት ተቀምጬ ድምፅዋን ሰማሁት። አንቺን ትጠራ ነበር። እንደዚያ የከሳ ድምፅ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ «ገብቼ ምን ልላት ነው?» አልኩ። ዓይኗን እያየሁ ዐርፌ ከተቀመጥኩ በኋላ ነገ ሄጄ የተኛችበትን ቤት ሽያጭ ልፈርም ነው? መሸጡን ልተወው ደግሞ ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ። ነገ እገባለሁ፣ ነገ እገባለሁ እያልኩ በየቀኑ እየመጣሁ በርጩማው ላይ እቀመጥ ነበር። የወደቀች ቀን በሩን ስትደበድቢ ብድግ ብዬ ነበር። ልብስ ሰፊው እጁን ደረቴ ላይ አድርጎ መልሶ አስቀመጠኝ። እኔም ተቀመጥኩ። እሱ እኮ አልጠነከረብኝም፤ ሽማግሌ ነው። እኔ ነኝ የተቀመጥኩት።

በድያለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፣ ግን ይቅር በይኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልብስ ሰፊው የእማዬ ሙት ዓመት እስኪያልፍ ጠብቄ ቤቱን ሚያዝያ አንድ ቀን እረከባለሁ ብሎኛል። ክፉ እንዳትነጋገሩ እለምንሻለሁ፤ ለጥቂት ጊዜ የኋለኛዋን ክፍል ይልቀቅልሽ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። የእማዬ ፎቶግራፎች እጅሽ ላይ ናቸው። እነሱን ለነጋዴዋ ስጫት።

ደግሞም እትዬ፣ እነዚያን ቀኖች እማዬ ስለ እኔ ያለችው ነገር ካለ ጻፊልኝ። ምንም ቢሆን ልወቀው። በግድግዳው ድምፅዋ እንጂ ቃሏ አይሰማኝም ነበር።

ጭራሮ


መጋቢት 16

ደብዳቤህ ደርሶኛል።

ለልብስ ሰፊው ስለ ኋለኛዋ ክፍል አትለምነው። ከአሥር ቀን በፊት ወጥቻለሁ። ከጽሕፈት ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ መስኮቷ ትንሽ ናት፣ ብርሃኗ ግን ለጠረጴዛ ይበቃል። ከጠበቆቹ አንዷ «ውሉን እንከራከርበታለን» ብላኝ ነበር። ወራሽ ስላልሆንኩ አልከራከርም፤ ብሆንም እዚያ ቤት መመለስ አልፈልግም። ቁልፉን ልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። «ደህና ሁኚ» አለኝ። ሰባት ዓመት «እግዜር ይስጥልኝ» ስለው ኖሬ አንድ «ደህና ሁን» ከበደኝ።

ላፕቶፑን አልመልስልህም፤ እንጀራዬ ነው። ፎቶግራፎቹን ግን ልኬልሃለሁ፣ ሁሉንም። ነጋዴዋን ከዚህ በኋላ ካንተ ወረቀት እንዳትቀበል ነግሬያታለሁ። ደግ ሴት ናት፤ ለምን አላለችኝም።

እናትህ ምን አለች ብለህ ለጠየቅኸኝ ልመልስልህ። ባትጠይቀኝ አልነግርህም ነበር።

የወደቀች ዕለት፣ አንሥተን ካስተኛናት በኋላ ልብስ ሰፊው ሄደ። ውሃ በማንኪያ እየሰጠኋት ሳለ ከግድግዳው ማዶ ሰው አስነጠሰ፤ ሦስት ጊዜ፣ ተከታትሎ። ዓይኗን ገለጠች።

«ጭራሮዬ ነው» አለች።

«የቱ ጭራሮ?»

«ልጄ ነዋ። እዚያ ነው ያለው። አስነጠሰ።»

«አክስቴ፣ ቃዥተሽ ነው። እሱ ባሕር ማዶ ነው ያለው» አልኳት።

«የልጄን ንጥሻ አጥቼው ነው?» ብላ ተቆጣች። እኔም ተቆጣሁ። ደክሞኝ ነበር። «አሁንስ አበዛሽው! ዝም ብለሽ ተኚ!» አልኳት። በስድስት ዓመት ውስጥ የጮህኩባት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሷ ግን ልጅ እንደሚያባብል ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ በቃ፤ አትጥሪው። ሥራ ይዞት ይሆናል» አለችኝ።

በማግሥቱ አልጋዋን ወደዚያ ግድግዳ እንዳስጠጋላት ለመነችኝ። አስጠጋሁላት። ከዚያ ወዲያ እጇን ግድግዳው ላይ ሳትለጥፍ አትተኛም ነበር። ትኩሳት አለባት፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደስ ብሏት ነው እል ነበር። አንተ በማግሥቱ ሄድክ፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን እንደዚያው ጠበቀችህ።

ይቅር በይኝ ብለሃል። ያንተን ጉዳይ ከእሷ ጋር ጨርስ። እኔ የራሴ አለብኝ። እውነቷን የምትናገርን ሴት፣ በሞቷ ዋዜማ፣ ቃዠሽ ብዬ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። አምናኝ ይሁን ሳታምነኝ እንደሞተች አላውቅም፤ የትኛው እንደሚሻለኝም አላውቅም።

የእናትህ አስታማሚ